ለሁሉም ኔትወርክ ክፍት በሆኑ ስማርት ስልኮች ላይ የሚታይ የደህንነት ማዘመኛ መዘግየት፦ በወላይታ ሶዶና በወላይታ ዞን ለሚገኙ ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

በወላይታ ሶዶ ከተማም ሆነ በቦዲቲ፣ በአረካና በሌሎች የዞኑ ከተሞች በብዛት በአገልግሎት ላይ ያሉት ስማርት ስልኮች ከአንድ የቴሌኮም ኩባንያ ጋር ያልታሰሩ፣ የማንኛውንም ኩባንያ ሲም ካርድ የሚቀበሉ ቀፎዎች ናቸው። በገበያው አጠራር «ክፍት» ወይም «አንሎክድ» ይባላሉ። ተጠቃሚው ሲም ካርዱን እንደፈለገ መቀየሩ ጥቅም ቢሆንም፣ በተለምዶ «አፕዴት» የሚባለው የደህንነት ማዘመኛ ለወራት የማይደርስበት፣ አንዳንዴም ስልኩ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ የማይመጣበት ሁኔታ ተገልጋዮችን ሲያማርር ይታያል። ይህ ጽሑፍ የመዘግየቱን ምክንያት፣ ስልክ ከመገዛቱ በፊት ሊጣራ የሚገባውን እና ማዘመኛ የማይደርሰው ስልክ የያዘ ሰው ሊወስዳቸው የሚችላቸውን እርምጃዎች ያብራራል።

የጉዳዩ አሳሳቢነት

ስማርት ስልክ ከአሥር ዓመት በፊት በዋናነት የመገናኛና የመዝናኛ መሣሪያ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በሀገራችን ሥራ ከጀመሩና የባንኮች የሞባይል መተግበሪያዎች ከተስፋፉ ወዲህ ግን ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። የቦሎሶ ቦምቤ ዝንጅብል ነጋዴ የሽያጭ ገንዘቡን፣ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከቤተሰብ የሚላክለትን፣ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ ሀገር ሠርቶ የሚልክ ሰው ቤተሰብ ደግሞ የወር መተዳደሪያውን በስልክ የሚቀበልበት ዘመን ነው። የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚመጣው በዚያው ቀፎ ላይ ነው። የፋይዳ መለያ ቁጥርና የግል ሰነዶች ፎቶግራፍም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ውስጥ ይቀመጣሉ።

የደህንነት ማዘመኛ የስልኩን መልክ አይቀይርም፤ ፍጥነቱንም አይጨምርም። ሥራው የታወቀ ቀዳዳን መድፈን ብቻ ነው። አንድ ቀዳዳ ይፋ ከተደረገና መድፈኛው ከወጣ በኋላ፣ መድፈኛው ያልደረሰው ስልክ ከበፊቱ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ይሆናል። ምክንያቱም ቀዳዳው የት እንዳለ ከዚያ በኋላ አጥቂዎችም ያውቁታል።

ማዘመኛው የሚያልፍበት መንገድ

የአንድሮይድ ስርዓት ባለቤት የሆነው ጉግል ከነሐሴ 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2015) ጀምሮ የተገኙ የደህንነት ቀዳዳዎችን ዝርዝርና መድፈኛቸውን በየወሩ ይፋ ያደርጋል። የስልክ አምራቾች ዝርዝሩ ለሕዝብ ከመውጣቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ እንዲያውቁት ይደረጋል። ስለዚህ መዘግየቱ የሚፈጠረው ከምንጩ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ደረጃዎች ነው።

መድፈኛው በመጀመሪያ እንደ ሚዲያቴክ፣ ኳልኮም ወይም ዩኒሶክ ያሉ የቺፕ ሠሪዎች ለየራሳቸው ቺፕ እንዲያስማሙት ይጠበቃል። ቀጥሎ የስልኩ አምራች በራሱ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቶ፣ ለእያንዳንዱ ሞዴል ለይቶ ይፈትሸዋል። አንድ አምራች በአንድ ጊዜ በርካታ ሞዴሎችን ስለሚሸጥ ቅድሚያ የሚያገኙት ውድ የሆኑትና ብዙ ገዢ ባለባቸው አገሮች የሚሸጡት ናቸው። አምራቾች ራሳቸው ሞዴሎቻቸውን በየወሩ፣ በየሦስት ወሩ ወይም በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዘመኑ እያሉ ይከፋፍላሉ፤ ዕድሜው የገፋ ሞዴል ከዝርዝሩ ይወጣል። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ ቀፎዎች ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ተዘምነው መቆማቸው የተለመደ ነው። የሚያሳዝነው፣ የዞናችን ነዋሪ አቅም የሚፈቅደው በአብዛኛው ይህንኑ የዋጋ ክልል መሆኑ ነው።

ቀፎው በውጭ ሀገር ከቴሌኮም ኩባንያ የተገዛ ከሆነ ሌላ ደረጃ ይጨመራል። በአሜሪካና በአንዳንድ አገሮች ኩባንያዎች ስልኩን በራሳቸው ሶፍትዌር ይሸጣሉ፤ ማዘመኛውንም የሚለቁት እነርሱ ከፈተሹት በኋላ ነው። በሀገራችን እስከ 2015 ዓ.ም. መባቻ ድረስ የነበረው አንድ የቴሌኮም ኩባንያ ብቻ ስለነበር ቀፎን ከኩባንያ ጋር የማሰር ልማድ አልዳበረም። በዚህም ምክንያት ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በግለሰብ እጅ ለሚገኝ ክፍት ቀፎ የደህንነት ማዘመኛ አዘጋጅተው የሚልኩ አካላት አይደሉም። ኔትወርኩ ማዘመኛውን የሚያሳልፍ መንገድ ብቻ ነው። ተገልጋዮች ማዘመኛ አልመጣልንም በማለት ወደ ቴሌኮም ማዕከላት ቢሄዱ መፍትሔ የማያገኙት ለዚህ ነው።

«ክፍት» የሚለው ቃል የሚሸፍናቸው የተለያዩ ነገሮች

በገበያ ላይ «ክፍት ነው» የሚባለው ስልክ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የማዘመኛውም ዕድል እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

ከፋብሪካ ክፍት ሆኖ የወጣ ቀፎ ማዘመኛውን በቀጥታ ከአምራቹ ያገኛል። መዘግየት ቢኖርም መንገዱ አልተቋረጠም። እንዲህ ያለው ቀፎ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሰዋል ማለት ግን አይደለም። በአሜሪካ ከኩባንያ ጋር የታሰሩት የሳምሰንግ ጋላክሲ ስልኮች አዲሱን የአንድሮይድ ስሪት ሲያገኙ፣ ክፍት የሆኑት ተመሳሳይ ሞዴሎች ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የጠበቁባቸው ጊዜያት ነበሩ።

በውጭ ሀገር ከኩባንያ ጋር ታስሮ ተሽጦ በኋላ የተፈታ ቀፎ ግን የኩባንያውን ሶፍትዌር እንደያዘ ይቀራል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የቀድሞው ኩባንያ ሲም ካርድ ካልገባባቸው ማዘመኛ አይጠሩም፤ ሶዶ ላይ ሆኖ ያንን ሲም ካርድ ማግኘት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ከባሕር ማዶ በዘመድ እጅ የሚመጡ ስልኮችን በሚመለከት ይህ መታወስ ይኖርበታል። ስልኩ ውድና አዲስ መስሎ ሳለ የደህንነት ቀኑ የቆመ ሊሆን ይችላል።

በአይፎን ላይ የሚያጋጥም ሌላ ዓይነት አለ። ከሲም ካርዱ ጋር ተደርቦ በሚገባ ስስ ቺፕ አማካኝነት ቁልፉ የተታለለ፣ በእውነቱ ግን ያልተፈታ ስልክ ነው። እንዲህ ያለው ስልክ ሲዘመን ኔትወርክ ሊያቆም ስለሚችል ሻጩ «አፕዴት እንዳታደርገው» ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህች ምክር በስልክ ግዢ ወቅት ከተሰማች ስለ ቀፎው ብዙ ትናገራለች። በሕጋዊ መንገድ ክፍት የሆነ አይፎን በማዘመን ምክንያት ኔትወርኩን አያጣም።

አራተኛው የኔትወርክ ሳይሆን የማስነሻ ሶፍትዌሩ ቁልፍ የተከፈተበት ስልክ ነው። የጥገና ባለሙያ ስልኩን «ፍላሽ» ለማድረግ ወይም የሌላ አገር ሶፍትዌር ለመጫን ይህን ቁልፍ ሲከፍት፣ ስልኩ የራሱን ሶፍትዌር ትክክለኛነት የሚያረጋግጥበት ጥበቃ ይላላል። ከአምራቹ የሚመጣው መደበኛ ማዘመኛ ሊቋረጥ ይችላል፤ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎችም በእንዲህ ያለ ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ። ስለዚህ ስልክ ተጠግኖ ሲወጣ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ እንደሆነና ከየት እንደመጣ ባለሙያውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በሀገራችን የታየ ምሳሌ

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደህንነት ኩባንያ ይፋ ባደረገው የምርመራ ውጤት፣ ቴክኖ ደብሊው 2 በተባለ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ስልክ ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ሶፍትዌሮች ገዢው እጅ ከመግባቱ በፊት ተጭነው መገኘታቸውን አስታውቋል። ጉዳዩ ከታየባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋና እና ደቡብ አፍሪካ ተጠቅሰዋል። በኩባንያው ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. ከማርች 2019 ጀምሮ ከ200 ሺህ በላይ ከሚሆኑ ቀፎዎች 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች ተመዝግበዋል። ሶፍትዌሮቹ ተጠቃሚውን ሳያስፈቅዱ የክፍያ አገልግሎቶች አባል ለማድረግ ይሞክሩ ነበር፤ የሚጠፋው የተሞላው የአየር ሰዓት ነው። ኤክስሄልፐር ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ቢመለስ እንኳ ተመልሶ የሚመጣ መሆኑ ጉዳዩን አባብሶታል።

የስልኩ አምራች ትራንሽን ችግሩ የተፈጠረው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ አቅራቢ መሆኑንና ማስተካከያ አስቀድሞ መዘጋጀቱን ገልጿል። ለአንባቢው ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የማስተካከያ መዘጋጀትና በተጠቃሚው ቀፎ ላይ መጫን የተለያዩ ናቸው። ዝማኔ ጠፍቶ በሚቀመጥ፣ በቂ ቦታ በሌለው ወይም የዳታ ጥቅል በማያገኝ ስልክ ላይ የተዘጋጀው መድፈኛ አይደርስም።

በስልኩ ላይ ያለውን የደህንነት ቀን ስለማንበብ

በአንድሮይድ ስልክ ላይ «ሴቲንግ» ወይም «ቅንብሮች»፣ ቀጥሎ «አባውት ፎን» ወይም «ስለስልኩ»፣ ከዚያም «አንድሮይድ ቨርዥን» የሚለው ሲከፈት የደህንነት ማዘመኛው ቀን ይታያል። በአንዳንድ ስልኮች «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» በሚለው ሥር ይገኛል። በአይፎን «ጄኔራል» ውስጥ «ሶፍትዌር አፕዴት» የሚለው ይከፈታል።

እዚህ ላይ በሀገራችን ብቻ የሚያጋጥም ስህተት አለ። ስልኩ የሚያሳየው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንድ ያገለገለ ስልክ «ጁን 5፣ 2018» የሚል ቢያሳይ፣ በ2018 ዓ.ም. የሚገዛ ሰው የዘንድሮ ነው ብሎ ሊያምን ይችላል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ ስልኩ ለስምንት ዓመት ገደማ አልተዘመነም ማለት ነው። ሻጩ ቀኑን እያሳየ «አዲስ ነው» ቢል እንኳ ስሌቱን ራስ መሥራት ያስፈልጋል፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የጥቂት ቀናት መዛነፍ አለ።

የቀኑ መጨረሻም ትርጉም አለው። በ01 የሚያልቀው የአንድሮይድን አጠቃላይ ክፍል መድፈኛዎች፣ በ05 የሚያልቀው ደግሞ በተጨማሪ የቺፕና የስርዓቱን ውስጠኛ ክፍል መድፈኛዎች ያካተተ ነው።

አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ የያዙ ስልኮች «ጉግል ፕሌይ ሲስተም አፕዴት» የሚባል ሁለተኛ ቀን ያሳያሉ። ይህ በአምራቹ በኩል ሳያልፍ ከጉግል በቀጥታ የሚመጣ ሲሆን የስርዓቱን የተወሰኑ ክፍሎች ያድሳል። ዋናው ማዘመኛ ቢቆምም ይህኛው ሊቀጥል ስለሚችል ተጭኖ እንዲታደስ ማድረግ ይጠቅማል። ሁለተኛው ቀን ቅርብ ስለሆነ ብቻ ግን ስልኩ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ ነው ማለት አይቻልም።

ከግዢ በፊት

ገዢው ጉልበት የሚኖረው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ነው፤ ከተከፈለ በኋላ አምራቹን ማስገደድ አስቸጋሪ ነው። በመሆኑም የደህንነት ቀኑን ሱቁ ውስጥ፣ ስልኩ በርቶ ሳለ መመልከት፣ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር መመዝገብ እና አምራቹ ለዚያ ሞዴል እስከ መቼ ማዘመኛ እንደሚሰጥ ማጣራት ይመከራል። የሞዴል ስም ብቻ በቂ አይደለም። አንድ ስም ያላቸው ስልኮች ለተለያዩ አገሮች በተለያየ የሞዴል ቁጥር ይሠራሉ፤ ማዘመኛውም የሚወሰነው በቁጥሩ ነው። በ*#06# የሚገኘው የቀፎ መለያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉም ሊታይ ይገባል።

የማዘመኛ ዘመን ከሞዴል ሞዴል በእጅጉ ይለያያል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ለጋላክሲ ኤስ 24 የሰባት ዓመት ማዘመኛ እንደሚሰጡ አስታውቀዋል። እነዚህ ውድ ስልኮች ናቸው። ሆኖም ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ፣ ገና የአራት ዓመት ማዘመኛ የሚቀረው ያገለገለ ስልክ፣ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጥና ማዘመኛው ሊቋረጥ ከተቃረበ አዲስ ስልክ ለገንዘብ ዝውውር የተሻለ ሊሆን ይችላል። የካርቶኑ አዲስነት ለደህንነቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

በሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ በሕግ የማስገደድ ጅምር አለ። በእንግሊዝ ከሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አምራቾች የማዘመኛውን አነስተኛ ዘመን ለገዢው እንዲገልጹ ይገደዳሉ። የአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አንድ ሞዴል ለገበያ መቅረቡ ካበቃበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ ለ5 ዓመታት ማዘመኛ እንዲቀርብ ደንግጓል። እነዚህ ሕጎች በዚያ ገበያ ለሚሸጡ ቀፎዎች የወጡ በመሆናቸው ሶዶ ላይ ለሚሸጥ የተለየ የሞዴል ቁጥር በቀጥታ አያገለግሉም።

ማዘመኛው መጥቶ ሳይጫን ሲቀር

አንዳንዴ መዘግየቱ ከአምራቹ ሳይሆን ከስልኩ አያያዝ ነው። ማዘመኛ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት እስከ ጥቂት ጊጋባይት ዳታ ሊፈልግ ስለሚችል ብዙ ሰው ጥቅሉ እንዳያልቅበት ይዘጋዋል። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ወጪው እውነተኛ ነው። አማራጩ በቅናሽ የሚቀርቡ የሌሊት ጥቅሎችን መጠቀም ወይም በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ተቋም ያለ የታመነ ዋይፋይ ባለበት መጫን ነው። ከመጀመሩ በፊት አስፈላጊ ፎቶግራፎችና የስልክ ቁጥሮች ሌላ ቦታ ይቀመጡ፤ የማያስፈልጉ ቪዲዮዎች ተሰርዘው ቦታ ይለቀቅ፤ ባትሪው ሙሉ ይሁን። በመጫን መካከል መብራት ቢጠፋ ባትሪው ሥራውን መጨረስ አለበት።

በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም «ስልክዎን ለማዘመን ይህን ይጫኑ» የሚል ማስፈንጠሪያ ቢደርስ መከፈት የለበትም። እውነተኛ የስርዓት ማዘመኛ የሚመጣው በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ ብቻ ነው።

ማዘመኛው ለዘለቄታው የቆመበት ስልክ

ሁሉም ሰው ስልክ መቀየር አይችልም። የማይዘመን ስልክ የያዘ ሰው ማድረግ የሚችለው ውጤታማ ነገር ገንዘቡን ከዚያ ቀፎ ማራቅ ነው። ቴሌብር በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሞባይል አገልግሎት በ*889# ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠሩ፣ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበትን ሲም ካርድ በርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ አድርጎ መጠቀም ይቻላል። አሮጌው ስማርት ስልክ ለወሬ፣ ለፎቶግራፍና ለትምህርት ያገለግላል። ባለ ቁልፍ ስልክ ከማንኛውም ማታለል ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ የሚስጥር ቁጥርን በስልክ ለሚደውል ሰው የሚናገር ሰው በየትኛውም ቀፎ ይዘረፋል።

ይህ የማይቻል ከሆነ መተግበሪያዎችን ከፕሌይ ስቶር ብቻ መጫን፣ በብሉቱዝና በፋይል መላኪያ ከሰው ስልክ የሚቀዱ መተግበሪያዎችን መተው፣ መልእክት የማንበብ ፈቃድ የሚጠይቅ የእጅ ባትሪ ወይም የጨዋታ መተግበሪያን ማጥፋት፣ ብሮውዘሩንና የባንክ መተግበሪያዎቹን ግን በየጊዜው ማደስ ጉዳቱን ይቀንሳል። በጊፋታ ሰሞን ከሌላ ከተማ ወደ ቤተሰቡ የሚመለስ ሰው ያገለገለ ስልኩን ለወላጅ ወይም ለታናሽ ወንድሙ ትቶ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ስልኩ ከመሰጠቱ በፊት የባንክ መተግበሪያዎቹና የጉግል መለያው ወጥተው የደህንነት ቀኑም ቢታይ፣ ተቀባዩ ለምን ሊጠቀምበት እንደሚችል ይታወቃል።

አቤቱታና ጥቆማ

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ክፍት ያልሆነ ስልክ ክፍት ነው፣ ያገለገለ ስልክ አዲስ ነው፣ ወይም የማይዘመን ስልክ ይዘመናል ተብሎ የተሸጠለት ሰው በመጀመሪያ ለሻጩ፣ መፍትሔ ካጣ ለአካባቢው የንግድና ገበያ ልማት መሥሪያ ቤት አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል። ደረሰኝ ከሌለ ግን አቤቱታው ለማስረዳት ይከብዳል። በደረሰኙ ላይ የሞዴል ቁጥሩ፣ የቀፎ መለያ ቁጥሩ እና ሻጩ የገባው ዋስትና እንዲጻፍ መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው።

ገንዘብ ያለፈቃድ የወጣበት ሰው ሳይውል ሳያድር፣ የቴሌብር ከሆነ በኢትዮ ቴሌኮም 994፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ በ951 ደውሎ ሂሳቡን ማሳገድ ይኖርበታል። የሳይበር ጥቃት ጥቆማ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በ933 ይቀርባል። ጥቃቱ የደረሰበት ስልክ ለምርመራ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ አቤቱታው ከመመዝገቡ በፊት «ፍላሽ» እንዲደረግ ለጥገና ባይሰጥ ይመረጣል። የሚደወለውም በሌላ ስልክ ቢሆን ይሻላል።